ተቃራኒ ፓርቲዎች ሲጣመሩ ለመራጩ ያልተነገረው

ክቡራትና ክቡራን፤

እንድናገርበት የተጠየቅሁት ጉዳይ በአስተሳሰብ የሚቃረኑ ፓርቲዎች ለምርጫ ሲጣመሩ ሕዝብ እንዴት ይመለከታቸዋል የሚል ነው። በአገራችን ይህ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር የሚሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «በዓላማ የማይገናኙ ሰዎች ተሰባስበው የት ይደርሳሉ? ሕዝቡስ ምን ብሎ ያምናቸዋል?» ይባላል። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። የኢትዮጵያ መራጭ የተቃራኒዎችን ጥምረት እንደማይጸየፍ በ1997 ዓ.ም. በድምፁ አሳይቷል። ጥምረቶቹ የፈረሱትም ሰው ሁሉ በሚጠቅሰው ልዩነት፣ የብሔሮችን የመገንጠል መብት በሚደነግገው በአንቀጽ 39 ወይም በመሬት ጉዳይ አልነበረም። የፈረሱት አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አስቀድሞ ስላልተጠየቀና መልሱ ለሕዝብ ስላልተነገረ ነው። ጥያቄው «ግማሽ ብናሸንፍስ ምን እናደርጋለን?» የሚል ነው።

በቅድሚያ ፓርቲዎች ለምን ይጣመራሉ የሚለውን እናንሳ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልላቸው አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ወንበሩን ይወስዳል፤ ከግማሽ በላይ እንዲያገኝ አይጠበቅበትም። እንዲህ ያለው ሥርዓት ተበታትኖ ለሚወዳደር ተቃዋሚ ምሕረት የለውም። ጎረቤታችን ኬንያ ይህን በፕሬዚዳንታዊ ምርጫዋ በደንብ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1992 በተደረገው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ዳንኤል አራፕ ሞይ ከመቶ 36 ገደማ ድምፅ ብቻ አግኝተው ሥልጣናቸውን አጸኑ። ቀሪውን ድምፅ ማቲባ፣ ኪባኪና ኦጊንጋ ኦዲንጋ ተከፋፈሉት። ከአምስት ዓመት በኋላም ሁኔታው ተደገመ፤ ሞይ ከመቶ 40 ገደማ ይዘው አሸነፉ። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ተቃዋሚዎች የሚጣመሩት ልብ ለልብ ስለተግባቡ አይደለም፤ የቁጥሩ ስሌት ያስገድዳቸዋል። መራጩም ይህን ስሌት ያውቀዋል። የገበሬውንም የባለሱቁንም ልጅ «ለምን አንድ ላይ አይሆኑም?» እያሰኘ የሚያስቆጨው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ ልመለስ።

በ1995 ዓ.ም. አሥራ አምስት ድርጅቶች አሜሪካ ውስጥ ተሰባስበው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረትን መሠረቱ። ከመሥራቾቹ መካከል ኢሕአፓና መኢሶን ይገኙበታል። የዚህን ትርጉም ለመረዳት ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ መመለስ ያስፈልጋል። ያኔ ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ» ይል ነበር፤ መኢሶን ደግሞ ለደርግ «ሂሳዊ ድጋፍ» ሰጥቶ ከውስጥ እንሠራለን ይል ነበር። ሁለቱም የሶሻሊዝም አቀንቃኞች ነበሩ፤ መጻሕፍቱም ያው ነበሩ። ነገር ግን አንዱ የሌላውን አባል በየመንገዱ ገደለ፤ የአንድ እናት ልጆች በሁለቱ ድርጅቶች ተከፍለው ዓይንና ናጫ ሆኑ። ደርግም በመጨረሻ ሁለቱንም ጨፈጨፋቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ እነዚህ ድርጅቶች በአንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ።

አምቦ ከተማ የማውቃቸው አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸውን በ1970 ዓ.ም. አጥተዋል፤ ለሞቱም መኢሶንን ይከሱ ነበር። በ1997 ግን የኅብረትን እጩ መረጡ። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ስለ መኢሶን አንድም ቃል አልተነፈሱም። የነገሩኝ ስለ ማዳበሪያ ዕዳ፣ ስለ ቀበሌ ሊቀመንበሩና ሥራ ስላጣው ልጃቸው ነበር። ወንድማቸውን አልረሱም። ግን ሁለቱን ነገር ለይተው ያውቁ ነበር፤ ሐዘናቸው ሌላ፣ ድምፃቸው ሌላ። እኔ ስለ ሕዝብ አስተያየት ሳስብ እኚህ ሰው ይመጡብኛል፤ ምክንያቱም ፓርቲዎች «ሕዝባችን ይህን አይቀበልም» እያሉ የሚፈሩት ሕዝብ ብዙ ጊዜ ከእነሱ ይልቅ ነገሮችን አመዛዝኖ ያያል።

ሁለተኛው ጥምረት ቅንጅት ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ተመሠረተ። መኢአድ፣ ኢዴፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ አንድ ላይ መጡ። እነዚህ አራቱ በመሠረታዊ ጉዳዮች ላይ ተቀራራቢዎች ነበሩ። ብሔርን መሠረት ያደረገውን አደረጃጀት ይነቅፋሉ፤ የግለሰብ መብትን ያስቀድማሉ፤ መሬት የመንግሥት ብቻ መሆኑን ይቃወማሉ። በአንጻሩ ኅብረት ውስጥ በዶክተር መረራ ጉዲና የሚመራው የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስና በፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሚመራው የደቡብ ሕብረት ነበሩ፤ ለእነሱ የብሔር ጥያቄ ዋና ጥያቄ ነው። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡን ይዘን ብንጠብቅ ኖሮ ቶሎ የሚፈርሰው ኅብረት፣ ጸንቶ የሚቆየው ቅንጅት መሆን ነበረበት። የሆነው ግን እንደዚያ አይደለም።

በቅንጅት ውስጥ የነበረው ቁርሾ ከሐሳብ ልዩነት የመጣ አልነበረም፤ የቤተ ዘመድ ቁርሾ ነበር። መኢአድ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ የመሩት የመአሕድ (የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት) ወራሽ ነው። ኢዴፓን የመሠረቱት ወጣቶችም እዚያው መአሕድ ውስጥ አድገው ተጣልተው የወጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ጠብ በፕሮግራም ሰነድ ላይ አይታይም። መራጩም አያውቀውም። በስብሰባ ላይ ግን ማን የት ይቀመጥ፣ ማን መግለጫ ይስጥ፣ ማኅተሙ በማን እጅ ይሁን በሚል ጥያቄ ይወጣል። ስለ ጥምረት የሚጽፉ ምሁራን በርእዮተ ዓለም ርቀት ላይ አተኩረው ይህን ዓይነቱን ቅሬታ ሲዘሉት አያለሁ፤ በእኔ እምነት የኢትዮጵያን የተቃውሞ ፖለቲካ ከርእዮተ ዓለም በላይ የጎዳው እሱ ነው።

የ1997ቱን የምርጫ ዘመቻ ያየ ሰው አይረሳውም። የቴሌቪዥን ክርክሮቹ ሲጀመሩ ቡና ቤቶች ጢም ብለው ይሞሉ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ በሰው ባሕር ተጥለቀለቀ፤ የቅንጅት ምልክት የሆነው ሁለት ጣት ወደ ላይ ተነሳ። ግንቦት 7 ቀን ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። በመጨረሻ በተገለጸው ውጤት ከ547 መቀመጫዎች ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ በአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የሚመራው ኦፌዴን 11 አገኙ፤ ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ በ327 አብላጫውን ያዘ። ቀደም ሲል የተቃዋሚው ወንበር በጣት የሚቆጠር ነበርና ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ቅንጅት ሃያ ሦስቱንም የፌዴራል መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን ወሰደ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንይ። ሁለቱም ጥምረቶች ሦስት ነገሮች ሊገጥሟቸው ይችሉ ነበር። ሙሉ በሙሉ ሊያሸንፉ፣ ሙሉ በሙሉ ሊሸነፉ፣ ወይም በከፊል ሊያሸንፉ። ለመጀመሪያው ካቢኔ አስበው ይሆናል፤ ሁለተኛውን ለምደውታል። ሦስተኛውን ግን ማንም አልተዘጋጀበትም፤ የመጣው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ያውም በአከራካሪ ቆጠራ፣ በሰኔና በጥቅምት በፈሰሰ ደም መካከል ነው የመጣው። አጣሪ ኮሚሽኑ የሞቱት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሆናቸውን አረጋግጧል። ተሰናባቹ ምክር ቤትም ተቃዋሚው ብቻውን አጀንዳ ማስያዝ እንዳይችል የአሠራር ደንቡን ለወጠ። በዚህ ሁሉ መሐል «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ?» የሚለው ጥያቄ መጣ።

ሁለቱም ጥምረቶች በዚህ ጥያቄ ተሰነጠቁ። ከኅብረት ውስጥ አገር ቤት ያሉት እነ ዶክተር መረራና ፕሮፌሰር በየነ ፓርላማ ገቡ፤ በውጭ ያሉት ብዙዎቹ ድርጅቶች ተቃወሙ፤ ኅብረቱም ተከፈለ። በቅንጅት በኩል አብዛኛው አመራር አንገባም አለ፤ መሪዎቹ በጥቅምት 1998 ታሰሩ፤ ከተመረጡት አባላት ግን ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ወንበራቸውን ያዙ። ኢዴፓም የቅንጅት ፓርቲዎች ወደ አንድ ፓርቲ ይዋሃዱ በሚለው ጉዳይ ተለይቶ ወጣ፤ መሪው አቶ ልደቱ አያሌው ትናንት በጭብጨባ በተቀበላቸው ሕዝብ ዘንድ «ከሃዲ» ተባሉ። ማን ልክ ነበር የሚለውን ዛሬ ለመዳኘት አልመጣሁም። ግቡ ያሉትም አትግቡ ያሉትም የየራሳቸው በቂ ምክንያት ነበራቸው። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ መራጩ ይህን ጥያቄ በአንድም የክርክር መድረክ ላይ ሲነሳ አልሰማም። መሪዎቹ ወደ ደጋፊው የተመለሱት አገር ከጦፈ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት አዳራሽ ውስጥ የሚሰማው በጣም የተቆጣው ሰው ድምፅ ነው፤ ወረፋ ጠብቀው መርጠው ወደ ቤታቸው የገቡት እናት ድምፅ አይሰማም።

ዋጋውን በቅርብ ማየት ለሚፈልግ አዲስ አበባን ይመልከት። ለቅንጅት 137 ወንበር የሰጠ ከተማ በመረጠው ምክር ቤት አንድ ቀን አልተዳደረም። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቃሊቲ ገቡ፤ ከተማዋ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ ለሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በ2000 ዓ.ም. የከተማዋ ምርጫ እንደገና ሲካሄድ ኢሕአዴግ ከ138ቱ 137ቱን ወሰደ። ቁጥሩ ያው፣ ባለቤቱ ሌላ። «የአዲስ አበባ ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ አስተሳሰቡን ቀየረ» የሚል ካለ አላምነውም። ሕዝቡ አስተሳሰቡን አልቀየረም፤ ድምፁ የት እንደሚደርስ ማመን ነው ያቆመው። በሐምሌ 1999 የተፈቱት መሪዎች በዚያው መጸው ዋሽንግተን ላይ በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲታዩ፣ ለእስረኞቹ ገንዘብ ሲያዋጣ፣ በብርድ ሰልፍ ሲወጣ የከረመው ስደተኛም ያው ስሜት ደረሰበት። አንድ አዳራሽ ሲሞላ የነበረ ሰው ለሁለት ተከፈለ፤ ብዙው ደግሞ ከነጭራሹ ቀረ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ ወደ ሌሎች አገሮች ልሻገር። ረጅም አላደርገውም።

ኬንያውያን ከሁለት ሽንፈት ተምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ናርክ በሚል ስም ተባበሩ። ራይላ ኦዲንጋ በሞይ ዘመን ለዓመታት የታሰሩ ሰው ነበሩ፤ ምዋይ ኪባኪ ደግሞ የዚያው የሞይ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ። ራይላ ኡሁሩ ፓርክ ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ኪባኪ ይበቃናል ብለው አወጁ፤ ኪባኪም ከመቶ 62 ድምፅ አግኝተው ከነጻነት ጀምሮ የገዛውን ካኑን ከሥልጣን አወረዱ። አገሩ በደስታ ሰከረ። ነገር ግን ከጀርባ የመግባቢያ ሰነድ ነበር፤ የካቢኔ ወንበሮችን እኩል ስለ መካፈልና ለራይላ ስለሚፈጠር የጠቅላይ ሚኒስትርነት ቦታ የሚናገር። መራጩ በዚያ ሰነድ ላይ ድምፅ አልሰጠም። ኪባኪ ሰነዱን ሳይፈጽሙት ሲቀሩ ሕዝቡ ማን እንደዋሸ ሊፈርድ የሚችልበት ወረቀት በእጁ አልነበረውም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን ወገን አመነ። በ2005 በሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የቀድሞ አጋሮች በተቃራኒ ቆሙ፤ ረቂቁን ከመቶ 58 የሚሆነው ሕዝብ ጣለው። በታኅሣሥ 2007 ከተደረገው ምርጫ በኋላ ደግሞ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ለዚያ እልቂት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመሬት ቅሬታው፣ የጎሳ ሚሊሻው፣ የምርጫ ቦርዱ ድክመት። የተደበቀው ውል ግን ከመጀመሪያዎቹ ስንጥቆች አንዱ ነበር።

ማሌዢያ የተሻለ ሠርታለች፤ የጎደላት አንድ ነገር ነው። ማሃቲር ሞሐመድ ምክትላቸውን አንዋር ኢብራሂምን እ.ኤ.አ. በ1998 አባረው ለእስር የዳረጉ መሪ ናቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ በ92 ዓመታቸው ከእነዚያው አንዋር ጋር ቆመው ከነጻነት ጀምሮ የገዛውን ጥምረት በግንቦት 2018 አሸነፉ። እነዚህ ስምምነታቸውን አልደበቁም፤ ማሃቲር መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆኑ፣ አንዋር ምሕረት አግኝተው በኋላ እንደሚተኩ ከምርጫው በፊት ለሕዝብ ነገሩ። ሕዝቡም ይህን አውቆ መረጣቸው፤ የአሳሪና የታሳሪ እርቅ አላስደነገጠውም። «በኋላ» ማለት መቼ እንደሆነ ግን በቀን አልተቆረጠም። መንግሥቱ በሃያ ሁለት ወሩ በዚሁ በርክክቡ ቀን ጭቅጭቅ ወደቀ።

አሁን ለሐሳቤ የማይመቸውን ማስረጃ ማቅረብ አለብኝ፤ ሳላቀርብ ብቀር እናንተን መሸወድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በሃንጋሪ ስድስት ፓርቲዎች ቪክቶር ኦርባንን ለመጣል ተጣመሩ። ከግራ ሶሻሊስቶች ጀምሮ ቀድሞ ጽንፈኛ ቀኝ እስከነበረው እስከ ዮቢክ ድረስ ነበሩበት። እነዚህ ከማንም በተሻለ ሕዝቡን ጠይቀዋል፤ በ2021 ባደረጉት ቅድመ ምርጫ ከ600,000 በላይ ሰው ወጥቶ እጩዎቹን መረጠ፤ ፔተር ማርኪ-ዛይም በዚያ አሸነፉ። ውጤቱ ግን ውድቀት ሆነ፤ ኦርባን ከመቶ 54፣ ጥምረቱ ከመቶ 34። እነዚሁ ፓርቲዎች በ2018 ለየብቻቸው ያገኙት ሲደመር ከመቶ 46 ይሆን ነበር። የት ሄደ? የዮቢክ መራጭ መሪዎቹን ተከትሎ ወደ ግራ አልተሻገረም፤ ከፊሉ ወደ ኦርባን፣ ከፊሉም ከዮቢክ ተገንጥሎ ወደ ወጣው አዲስ የቀኝ ፓርቲ ሄደ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ጫናና በጎረቤት ዩክሬን የተቀሰቀሰው ጦርነት ድርሻ ነበራቸው፤ ቢሆንም ዳር ላይ ያለ መራጭ መሪው ስለፈረመ ብቻ እንደማይከተል እዚህ በግልጽ ታይቷል።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። መራጭ ጠላት የሆኑ ሰዎች መታረቃቸውን ይቀበላል፤ የራሱ ማንነት የሚመስለው ጉዳይ ተሸጧል ብሎ ሲጠረጥር ግን አይቀበልም። ስለዚህ ተቃራኒ ፓርቲዎች ለመራጮቻቸው «ምን አልሸጥንም» የሚለውን ጭምር መናገር አለባቸው። ይህን ይዘን «መድረክ» የተባለውን የተቃዋሚዎች ጥምረት እንመልከት፤ በአገራችን ከታዩት ጥምረቶች ሁሉ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው እሱ ነበርና።

መድረክ በ2000 ዓ.ም. እንደ መወያያ ተጀመረ፤ ከዚያ ወደ ምርጫ ጥምረት አደገ። ከቅንጅት ፍርስራሽ የተወለደውና ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ የመሠረተችው አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲ ገባ። የዶክተር መረራ የኦሮሞ ሕዝብ ኮንግረስና የአቶ ቡልቻ ኦፌዴን ገቡ። የአቶ ገብሩ አሥራት ዓረና ትግራይ ገባ፤ አቶ ገብሩ የሕወሓት ከፍተኛ አመራርና የትግራይ ክልል ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው። የቀድሞው መከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በግላቸው መጥተው በኋላ አንድነትን ተቀላቀሉ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ምን ምን እንደተቀመጠ አስቡት፤ አንቀጽ 39 ይነሳ የሚሉ፣ የለም መብታችን ነው የሚሉ፣ ባድመ ላይ ጦር የመሩ፣ በ1997 ኢሕአዴግን ሲሞግቱ የታሰሩ። ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅ ቁጥር 1/1987 ግርጌ ላይ የሰፈረው ስም የዶክተር ነጋሶ ነው፤ እኚሁ ሰው ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ የአንድነት ሊቀመንበር ሆኑ። እኔ ይህን እንደ ቅሌት አላየውም፤ የፖለቲካችን አንዱ ትልቅ ክብር ነው።

በ2002ቱ የቴሌቪዥን ክርክር ገዥው ፓርቲ ይህን ልዩነት ደጋግሞ መታው። «በአንቀጽ 39 ላይ አቋማችሁ ምንድን ነው? መሬትስ?» የሚሉት ጥያቄዎች ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ። የሚያሳዝነው መልሱ ነው። ተከራካሪዎቹ አንዳንዴ ልዩነቱን ለማሳነስ፣ አንዳንዴም ለማድበስበስ ሞከሩ። ሙሉ ልብ ኖሯቸው «አዎ፣ በዚህ አልተስማማንም፤ አንዳችን በሌላው ላይ በምክር ቤት ድምፅ አንጭነውም፤ ሕዝቡ ራሱ እስኪወስን እንዳለ ይቆያል፤ እስከዚያ ግን ነጻ ፍርድ ቤት፣ ነጻ ምርጫ ቦርድና ነጻ ፕሬስ እናቆማለን» ቢሉ ምን ይጎድልባቸው ነበር? የሰሜኑም የደቡቡም መራጭ ከዚህ ውስጥ የራሱ ጉዳይ እንዳልተሸጠ መስማት ይችል ነበር። የተድበሰበሰ መልስ ግን ሁለቱንም ያስጠረጥራል። አዲስ አበባ ላይ ያለው «ለብሔር ፓርቲዎች እጃቸውን ሰጡ» ይላል፤ ነቀምት ላይ ያለው «አሐዳውያኑ ዋጧቸው» ይላል።

ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. መድረክ ከ547 መቀመጫዎች አንድ ብቻ አገኘ፤ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን ገቡ። ይህን ውጤት በጥምረቱ ድክመት ብቻ ማስረዳት ግፍ ነው። ወይዘሪት ብርቱካን በዚያን ጊዜ እስር ቤት ነበረች። የሲቪል ማኅበራትና የፀረ ሽብር አዋጆች የፖለቲካውን ሜዳ አጥብበውት ነበር፤ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎችም ሜዳው ለሁሉም እኩል እንዳልነበረ ጽፈዋል። ቢሆንም ጥምረቱ በዚያ ሽንፈት ማግሥት ምን እንደሚሆን አሁንም አልተወሰነም ነበር። ግንባር ሆኖ ይቀጥል ወይስ ወደ ውህደት ይሂድ በሚለው ክርክር አባላቱ ተናከሱ፤ አንድነትም በመጨረሻ ከመድረክ ተለየ። በ2007 ዓ.ም. ተቃዋሚው ተበታትኖ ቀረበ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫዎች ጠቅልለው ወሰዱ።

«ሕዝቡስ ራሱ የት ቆሟል?» የሚለውን ማንሳት አለብን። በ1997ም ሆነ በ2002 የሕዝብን ሐሳብ የምንለካው በአደባባይ በወጣው ሰው ብዛት ነበር። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ባደረገው ጥናት ከአሥር ሰው ስድስቱ ያህል ፌዴራላዊ ሥርዓትን መርጧል። ክልሎች በብሔር ይዋቀሩ ወይስ በመልክዓ ምድር የሚለው ሲጠየቅ ግን ሕዝቡ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መልኩ ለሁለት ተከፈለ። ይህን ውጤት ሳነብ የታየኝ መድረክ ነው። ፓርቲዎቹ የተለያዩበት መስመር ሕዝቡ ራሱ የተለያየበት መስመር ነው። ታዲያ በአንድ ወገን የቆመ ፓርቲ ብቻውን አሸንፎ ሌላውን ግማሽ አገር እንዴት አድርጎ ያስተዳድራል? ተቃራኒዎች እንዲጣመሩ የሚያስገድደው የምርጫ ሕጉ ብቻ አይደለም፤ አገሪቱ ራሷ ትጠይቀዋለች።

አንዳንዶች መፍትሔው ውህደት ነው ይላሉ። በ2011 ዓ.ም. ሰባት ፓርቲዎች ራሳቸውን አክስመው ኢዜማን ሲመሠርቱ ይህን መንገድ መርጠዋል፤ በሐሳብ ለሚቀራረቡ ተገቢ መንገድ ነው። ለተቃራኒዎች ግን አይሠራም፤ ኦሮሞ ፌዴራሊስቱንና የዜግነት ፖለቲከኛውን አክስሞ አንድ ፓርቲ ማድረግ አንዱን ማጥፋት ነው። የምርጫ ሕጋችን ቅንጅትን፣ ግንባርንና ውህደትን ለይቶ ያስቀመጠው በምክንያት ነው፤ ቅንጅት ማለት ማንነትን ሳይጥሉ ለአንድ ጉዳይ አብሮ መቆም ነው።

ስለዚህ ለወደፊት ጥምረት ለሚፈጥሩ ፓርቲዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የተስማሙባቸውን ነጥቦች ለማሳተም ማንም አይቸገርም። ከዚያው ጋር ያልተስማሙባቸውን ነጥቦች በአንድ ገጽ አድርገው፣ በየፓርቲው ስም አቋማቸውን ጽፈው፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ያሳትሙ። በእነዚያ ነጥቦች ላይ በአምስቱ ዓመት ውስጥ ምን እንደሚያደርጉና ምን እንደማያደርጉ ይናገሩ። ሥልጣን የሚረከቡበት ቀን ካለ ቀኑን ይቁረጡ። በከፊል ካሸነፉ ወንበራቸውን ይዘው ይታገሉ እንደሆነ ወይም በምን ሁኔታ እንደማይገቡ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ይወስኑ፤ ውሳኔውንም እጩዎቻቸው በየምርጫ ክልሉ ቆመው ያንብቡት። ይህ ድምፅ ያሳጣቸዋል ብለው የሚፈሩ አሉ። ጥቂት ያሳጣቸው ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. የጠፋውን ያህል ግን አያሳጣቸውም።

ከእናንተ መካከል ጋዜጠኞች፣ የክርክር መድረክ የምትመሩም አላችሁ። በሚመጣው ምርጫ የጥምረት ተወካይ ፊታችሁ ሲቀመጥ ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲው ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁልን፦ «ከ547ቱ 150 ብታገኙ በማግሥቱ ጠዋት የት ትገኛላችሁ? አጋራችሁስ በዚህ ይስማማል? ፊርማው የት አለ?» መልሱን እስክታገኙም ወደ ሌላ ጥያቄ አትለፉ። አመሰግናለሁ፤ አሁን የእናንተን ጥያቄ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።